ግልባጭ ሰው ቢገኝ ድምፁ አንድ ይሆናልን?

በአገራችን በር ሲንኳኳ ከውስጥ ያለው ሰው «ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከውጭ የቆመው ግን ስሙን አይናገርም፤ «እኔ ነኝ» ይላል። ይህ መልስ ሲመረመር ምንም የሚገልጸው ነገር የለም፤ በዓለም ላይ ራሱን «እኔ» የማይል ሰው የለምና። ሆኖም በሩ ይከፈታል። የሚከፈተውም በቃሉ ሳይሆን በድምፁ ነው። እናት የልጇን፣ ሚስት የባሏን፣ ጎረቤትም የጎረቤቱን ድምፅ ለይቶ ስለሚያውቅ፣ ከስምም ሆነ ከመታወቂያ ወረቀት ይልቅ ያ አጭር ድምፅ ይታመናል።

በዚህ በሐዋሳ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሻይ ቤት የተቀመጡ ተማሪዎች በዚሁ ነገር ሲከራከሩ አደመጥሁ። ጥያቄያቸው እንዲህ ነበር፤ አንድን ሰው በሳይንስ ጥበብ ገልብጠው ሁለተኛውን ቢያወጡት፣ ያ ሁለተኛው ሰው ማታ በር አንኳኩቶ «እኔ ነኝ» ቢል፣ የመጀመሪያው ሰው እናት ትከፍትለታለችን? አንደኛው «ሥጋው አንድ ከሆነ ጉሮሮውም አንድ ነው፤ ጉሮሮው አንድ ከሆነ ድምፁም አንድ ነው» ሲል፣ ሌላው «ድምፅ ከነፍስ ነው እንጂ ከሥጋ አይደለም» ብሎ መለሰለት። ሻያቸው ቀዘቀዘ፤ ክርክሩ ግን አልተቋጨም። ሁለቱም የያዙት እውነት ስላለ፣ ጥያቄውም እንደሚመስለው የጨዋታ ብቻ ስላልሆነ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንመረምረው ወደድሁ።

«ክሎን» የሚለው ቃል በሲኒማ ምክንያት በብዙ ሰው ዘንድ አስፈሪ ሆኖአል። ከመስተዋት ሣጥን ውስጥ ዓይኑን ገልጦ የሚነሣ፣ ጢሙ ሳይቀር የበቀለለት ግልባጭ ሰው በሐሳባችን ይመጣል። ቃሉ ግን የገበሬ ቃል ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። መሠረቱ በግሪክ ቋንቋ ቀንበጥ ማለት ነው። ኸርበርት ዌበር የተባለው አሜሪካዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1903 ያለ ዘር፣ ከቀንበጥ ወይም ከሥር እየተከፈሉ ለሚራቡ ተክሎች መጠሪያ አደረገው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ የአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

እንዲህ ከሆነ ክሎን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከሐዋሳ ጥቂት ወጣ ብሎ የሲዳማን ገበሬ ጓሮ መጎብኘት ይበቃል። ገበሬው እንሰትን የሚያራባው በዘር አይደለም፤ ገና ያላበበውን እንሰት ቆርጦ፣ አሚቾ ከሚባለው ድብልብል ሥር እምብርቱን ያወጣና በፍግ አልብሶ ይቀብረዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዙሪያውን ብዙ ቡቃያ ይፈላል። እነዚያ ቡቃያዎች ሁሉ የዚያ የአንዱ እንሰት ግልባጮች ናቸው፤ በዘራቸው ከእናታቸውም ሆነ እርስ በርሳቸው አይለያዩም። ሆኖም ከቤቱ አጠገብ ፍግ እየጠገበ ያደገው ወፍሮ ሲንሰራፋ፣ ከዳር የተተከለው ወንድሙ ቀጥኖ ይቀራል። ቡርሳሜ ቀርቦልን ስንጎርስ ይህን ያህል ትምህርት አብረን እንደምንውጥ የምናስብ ጥቂቶች ነን።

በእንስሳት ላይ ይህንኑ ለማድረግ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። በስኮትላንድ በሮዝሊን ኢንስቲትዩት በ1996 የተወለደችው ዶሊ የተባለችው በግ የተገኘችው ከአንዲት የስድስት ዓመት በግ የጡት ሕዋስ ነበር። ለዚህም 277 እንቁላሎች ተሞክረው በሕይወት ለመወለድ የበቃችው እርስዋ ብቻ ናት። በ2001 መጨረሻ ላይ ደግሞ በአሜሪካ በቴክሳስ አንዲት ድመት ተገለበጠች። ይህች «ሲ ሲ» የተባለች ድመት ለዛሬው ጥያቄያችን ጥሩ ምስክር ናት፤ የተገለበጠችባት ድመት በጠጉርዋ ላይ ብርቱካናማ ቀለም ሲኖራት፣ በግልባጭዋ ላይ ግን ያ ቀለም ከቶ አልታየም። የጠጉር ቀለም እንኳ ከወረቀት እንደሚገለበጥ ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ካልተላለፈ፣ ድምፅ እንዴት ሊሆን ነው? በ2018 የቻይና ሊቃውንት ሁለት ጦጣዎችን በዚሁ ዘዴ ማስወለዳቸውን ገለጹ። ሰው ግን በዚህ መንገድ ተገልብጦ ስለ መወለዱ እስከ ዛሬ የታመነ ማስረጃ የለም፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2005 ባወጣው መግለጫ አገሮች ይህን እንዲከለክሉ ጠይቋል።

ስለዚህ የግልባጭ ሰው ድምፅ በመቅጃ ተቀድቶ ሊሰማ አይችልም። ነገር ግን ተፈጥሮ ራስዋ ከሳይንስ ቀድማ ሰውን ስትገለብጥ ኖራለች። ከአንድ እንቁላል ተከፍለው የሚወለዱ መንትዮች በዘረ መል አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ከሺህ ወሊድ በሦስቱ ወይም በአራቱ ያህል ይገኛሉ። እንዲያውም መንታ ከግልባጭ ይልቅ የበረታ ተመሳሳይነት አለው። መንትዮች በአንድ ማሕፀን፣ በአንድ ወራት ያድጋሉ፤ አንድ ቀን ተወልደው አንድ ጡት ይጠባሉ። ግልባጭ ግን በሌላ ሴት እንቁላል ውስጥ ተጸንሶ፣ በሌላ ማሕፀን አድጎ፣ በሌላ ዘመን ይወለዳል። የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ዛሬ ቢገለበጥ የሚገኘው ሌላ ሽማግሌ ሳይሆን የሚያለቅስ ሕፃን ነው። ሕፃኑ ጎልምሶ ድምፁ ሲጎረንን ሽማግሌው ምናልባት በሕይወት አይኖርም። ከዚህ የተነሣ የመንትዮች ድምፅ ካልተመሳሰለ የግልባጭ ድምፅ ሊመሳሰል አይችልም ብለን ብንጀምር ስሕተት አይሆንም።

አሁን ወደ ጉሮሮ እንግባ። የሰው ድምፅ የሚጀምረው ከሳንባ በሚወጣ አየር ነው። አየሩ በማንቁርት ውስጥ በተዘረጉት ሁለት የሥጋ እጥፋቶች መካከል ሲያልፍ ያርገበግባቸዋል። እነዚህ የድምፅ አውታሮች በወንድ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ግድም ሲሆኑ፣ በሴት ያጥራሉ። በዚህም የተነሣ የጎልማሳ ወንድ አውታር በአንድ ሴኮንድ ከመቶ ጊዜ ጥቂት አለፍ ብሎ ሲርገበገብ፣ የሴት ሁለት መቶ ያህል፣ የትንሽ ልጅ ደግሞ ሦስት መቶና ከዚያም በላይ ይርገበገባል። ድምፅ ቀጠነ ወይም ወፈረ የምንለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከአውታሩ የሚወጣው ድምፅ ብቻውን ቢሰማ የንብ ጥዝጥዝታ ይመስላል። ለሰው ድምፅ ቃናውን የሚሰጡት ከላይ ያሉት የጉሮሮው ዋሻ፣ ምላሱ፣ ላንቃው፣ አፍንጫውና ከንፈሩ ናቸው። በማሲንቆ ብንመስለው አውታሮቹ ጭራው ናቸው፤ ከላይ ያለው ሁሉ ደግሞ በቆዳ የተለበጠው ሣጥን ነው።

ይህን ማሲንቆ የሚሠራው በአብዛኛው ዘረ መል ነው። የአውታሩን ርዝመት፣ የመንጋጋውን ስፋት፣ የላንቃውን ቁመት ከወላጆቻችን እንወርሳለን። ተመሳሳይ መንትዮችን ከሌሎች መንትዮች ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶችም የአንድ እንቁላል መንትዮች በድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ይበልጥ እንደሚቀራረቡ አሳይተዋል። በ2023 ደግሞ ዲኮድ በተባለው የአይስላንድ የምርምር ተቋም የሚሠሩ ሊቃውንት ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የአገራቸውን ሰዎች ድምፅ ቀድተው ከዘረ መላቸው ጋር አስተያዩ። በዚህም «ኤ ቢ ሲ ሲ 9» በሚባለው ዘረ መል ላይ የሚገኝ ልዩነት በወንዶችም በሴቶችም ላይ ከድምፅ መቅጠን ጋር የተያያዘ መሆኑን ደረሱበት። እንግዲህ በሻይ ቤቱ «ጉሮሮው አንድ ነው» ያለው ተማሪ በግማሹ ተረትቶ የሚመለስ አይደለም።

ነገር ግን ማሲንቆውን የሠራው ሰው አዝማሪውን አልሠራም። አንድ ማሲንቆ ለሁለት አዝማሪ ቢሰጥ የጎጃሙና የወሎው አዝማሪ ከአንዱ ጭራ ሁለት ዓይነት ለቅሶ ያወጡበታል። ሰውም ማንቁርቱን ተሸክሞ ከተወለደ በኋላ፣ እንዲያውም ከመወለዱ በፊት፣ ሌላ ትምህርት ይጀምራል።

«ከመወለዱ በፊት» ማለቴ የንግግር ማጋነን አይደለም። በጀርመን አገር የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ካትሊን ቬርምከና የሥራ ጓደኞችዋ በ2009 ባወጡት ጥናት ሠላሳ የፈረንሳይና ሠላሳ የጀርመን ጨቅላዎችን ለቅሶ ቀድተው መረመሩ። ሕፃናቱ ገና ከሦስት እስከ አምስት ቀን ዕድሜ የነበራቸው ናቸው። የፈረንሳዮቹ ለቅሶ ከዝቅታ ተነሥቶ ወደ ላይ የመውጣት፣ የጀርመኖቹ ደግሞ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የመውረድ ዝንባሌ ተገኘበት፤ ይህም የእናቶቻቸውን ቋንቋ ዜማ የሚከተል ነው። ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ በሥጋና በውኃ ታፍኖ የሚደርሰው የቃሉ ፊደል ሳይሆን የቃሉ ዜማ ነውና፣ ያንኑ ይዞ ይወጣል። እንግዲህ ግልባጩን የምትሸከመው ሴት ሌላ ቋንቋ የምትናገር ብትሆን፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶው ከመጀመሪያው ሰው ለቅሶ ሊለይ ይችላል ማለት ነው።

ለዚህ ነገር የበለጠ የሚያስገርም ምስክር ከፈለግን የሁለት መንትዮች ታሪክ አለ። ኦስካር ሽቶርና ጃክ ዩፌ በ1933 በትሪኒዳድ ደሴት የተወለዱ የአንድ እንቁላል መንትዮች ነበሩ። አባታቸው አይሁዳዊ፣ እናታቸው ጀርመናዊት ነበረች፤ ወላጆቹ ሲለያዩ ሕፃናቱም ስድስት ወር ሳይዘልቁ ተከፈሉ። ኦስካር በእናቱ ወገን በጀርመን በካቶሊክ ሥርዓት አድጎ በሂትለር ወጣቶች ማኅበር ውስጥ አለፈ። ጃክ ግን በአባቱ ዘንድ አይሁዳዊ ሆኖ በትሪኒዳድ አደገና ኋላ በእስራኤል ባሕር ኃይል አገለገለ። በ1954 ጀርመን አገር ሲገናኙ ሁለቱም የሃያ አንድ ዓመት ጎልማሶች ነበሩ፤ መልካቸው አንድ፣ አረማመዳቸው የተቀራረበ። መነጋገር ግን አልቻሉም። አንዱ የሚያውቀው ጀርመንኛ ብቻ ስለ ነበር በመካከላቸው አስተርጓሚ ቆመ። አንድ ጉሮሮ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሁለቱ ግማሾች ለመግባባት ሦስተኛ ሰው አስፈለጋቸው።

ይህን ወደ ከተማችን እናምጣው። ከሁለት መንትዮች አንዱ በሐዋሳ፣ ሌላው በጎንደር አደጉ እንበል። የሐዋሳው ልጅ ሲዳሙ አፎ እየተናገረ ያድጋል። በዚህ ቋንቋ የአናባቢ ማጠርና መርዘም የቃልን ትርጉም ይለውጣል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ረጅሙ አናባቢ ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ የቋንቋው ስም ራሱ ሲጠራ በሁለት ቦታ ረዘም ይላል። በአማርኛ እንዲህ ያለ ልዩነት የለም፤ እኛ የምናጠብቀውና የምናላላው ተነባቢውን ነው። ስለዚህ የሐዋሳው ልጅ ምላሱና ትንፋሹ የሚለምዱት ልክ ከጎንደሩ ወንድሙ ልክ ይለያል። ኋላም ሁለቱ አማርኛ ሲናገሩ ቢሰሙ፣ ጭራው አንድ መሆኑ ቢታወቅም፣ ዜማው ሁለት ይሆናል። አንዱ ቀስ ብሎ ሲናገር ሌላው ይጣደፍ ይሆናል፤ አንዱ ሲስቅ ከደረቱ፣ ሌላው ከአፍንጫው ይሆናል። አንዱ ሰባ ተማሪ በሚጨናነቅበት ክፍል ሃያ ዓመት ቢያስተምር፣ ሌላው በጸጥታ ቢሮ መዝገብ ቢገለብጥ፣ በአርባ አምስት ዓመታቸው አንደኛው የሻከረ ድምፅ ሊይዝ ይችላል። ትምባሆውንም፣ ብርዱንም፣ አረቄውንም በዚሁ ላይ መጨመር ነው።

ለእንስሳት ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ጎሕ ሲቀድ በሐይቁ ዳር ዛፎች ላይ የሚያጓራውን ጉሬዛ እናስብ። ሊቃውንት እንደሚሉት የጦጣ ወገን ጩኸት በአብዛኛው አብሮት የሚወለድ ነው እንጂ ከአባቱ አፍ የሚማረው አይደለም። ስለዚህ ጉሬዛ ቢገለበጥ የግልባጩ ማጓራት ከመጀመሪያው ብዙ ላይርቅ ይችላል። ዘማሪ ወፎች ግን ዜማቸውን እንደ ቆሎ ተማሪ ከታላላቆቻቸው ሰምተው ይማራሉ። በሌላ ወፍ ዘንድ ያደገ ጫጩት ያሳዳጊውን ዜማ ይይዛል። በቀቀን፣ ዶልፊንና ዝሆንም ድምፅን ከመስማት የሚማሩ ናቸው። እንግዲህ ሰው በሥጋው ለጦጣ ቢቀርብም በድምፁ ለወፍ የሚቀርብ ሆኖ ተገኘ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እጅግ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ ሊቃውንት ይህን ነገር በራሳቸው መንገድ አስቀድመው ያውቁታል። ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የሚባሉት ቤቶች ሁሉም ቅዱስ ያሬድን አባታችን ይላሉ። የዜማው አወራረድ ግን ከቤት ቤት ይለያል፤ ጆሮው የሠለጠነ መሪጌታም አንድ ተማሪ አፉን ሲከፍት ከየትኛው ቤት እንደ ወጣ ያውቃል። የሚያውቀው የጉሮሮውን ሥጋ አይቶ አይደለም።

ታዲያ አብረው ያደጉ መንትዮች በስልክ ለምን አንድ ይመስሉናል? ጉሮሮአቸውም፣ ቤታቸውም፣ እናታቸውም፣ አስተማሪያቸውም፣ የሚቀልዱበት ቃል ሳይቀር አንድ ስለ ሆነ ነው። መንታ ያልሆኑ እናትና ሴት ልጅ እንኳ በስልክ ይምታታሉ፤ «እትዬ መስለሽኝ እኮ ነው» እየተባለ ስንት ምሥጢር ለልጅ ተነግሮአል! በዚህ ላይ ስልኩም የራሱ ጥፋት አለው። የተለመደው የስልክ መሥመር የሚያሳልፈው በሴኮንድ ከ300 እስከ 3400 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ብቻ ነው። ከላይ እንደ ተባለው የወንድ አውታር የሚርገበገበው ከዚህ በታች ስለ ሆነ፣ መሠረታዊው ድምፅ በሽቦው አያልፍም፤ ጆሮአችን ካለፈው ቅሪት ተነሥቶ ራሱ ሞልቶ ይሰማዋል። ከላይም ከታችም የተቆረጠ ድምፅ ሲደርሰን፣ ሰውን ከሰው የሚለየው ረቂቅ ነገር ብዙው በመንገድ ይቀራል።

እንግዲህ ለሻይ ቤቱ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህን ይመስላል። በር ላይ የቆመው ግልባጭ «እኔ ነኝ» ቢል፣ እናቲቱ የምትሰማው ከልጅዋ ድምፅ ጋር ዝምድና ያለው፣ የማታውቀው ወንድም ድምፅ የሚመስል ነገር ነው። አትከፍትም፤ ነገር ግን ደንግጣ «ማነው?» ብላ ሁለተኛ ትጠይቃለች። በዚህ ፍርድ ላይ ከሁሉ የባሰው ምስክር ደግሞ የተገለበጠው ሰው ራሱ ነው። ሰው ሲናገር የገዛ ድምፁን የሚሰማው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም ነው፤ አጥንትም ወፍራሙን ድምፅ አጉልቶ ያደርሳል። በዚህ ምክንያት በመቅጃ የተቀዳ ድምፃችንን ስንሰማ ቀጥኖና ባዕድ ሆኖ ያስጠላናል። እኔ የራሴን በሰማሁ ጊዜ ጓደኞቼ እስከዚያ ቀን ድረስ በትዕግሥት ችለውኝ እንደ ኖሩ ተረዳሁ። ስለዚህ ሰው ከግልባጩ ጋር ፊት ለፊት ቢገናኝ፣ ሌላው ሁሉ «ድምፃችሁ ይመሳሰላል» ሲለው እርሱ ብቻ «ከቶ አይመሳሰልም» ብሎ ይከራከራል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን በዚህ ዘመን ድምፅ ለመግልበጥ ሰውን መግልበጥ አላስፈለገም።

በ2017 በብሪታንያ የቢቢሲ ጋዜጠኛ የሆነው ዳን ሲመንስ ለሙከራ ያህል ኤች ኤስ ቢ ሲ በተባለው ባንክ የሒሳብ ደብተር ከፈተ። ባንኩ ደንበኛውን በስልክ የሚያውቀው በድምፁ ነበር። ጋዜጠኛው መንታ ወንድም አለው፤ ይህ ጆ የተባለው ወንድሙ ወደ ባንኩ ደውሎ የዳንን ድምፅ አስመሰለ። ሰባት ጊዜ ሞክሮ አልተሳካለትም፤ በስምንተኛው ገባ። ገንዘብ ማውጣት ባይችልም በደብተሩ ያለውን መጠን ለመስማት በቃ። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር ወንድማማቾቹ የአንድ እንቁላል መንትዮች አለመሆናቸው ነው፤ በዘራቸው እንደ ማናቸውም ወንድማማቾች የሚለያዩ ናቸው። መኪናውን ያታለለው የዘረ መል አንድነት ሳይሆን፣ ወንድም የወንድሙን አነጋገር ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ መኖሩ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ2019 የተሰማው ነገር ከዚህ የከፋ ነበር። በብሪታንያ የሚገኝ አንድ የኃይል ማመንጫ ሥራ ድርጅት ኃላፊ በስልክ የበላይ አለቃውን ድምፅ ሰማ። አለቃው ጀርመናዊ ነው፤ ሃንጋሪ ላለ አቅራቢ በአስቸኳይ ገንዘብ እንዲላክ አዘዘ። ኃላፊው 220 ሺህ ዩሮ ላከ። የተናገረው ግን አለቃው ሳይሆን ድምፁን አስመስሎ የሚያወጣ የኮምፒዩተር ጥበብ እንደ ነበር ተነገረ። ኃላፊው እንዳይጠራጠር ያደረገውም የድምፁ ውፍረት ወይም ቅጥነት ብቻ አይደለም፤ በአነጋገሩ ውስጥ የነበረው የጀርመንኛ ቅላፄና የቃሉ ዜማ ነው። ሰው ከእናቱና ከአገሩ የተማረውን፣ ማንኛውም ግልባጭ በዘር ሊወርሰው የማይችለውን ነገር፣ መኪናው ሰምቶ ያዘው። በ2023 መጀመሪያ ላይ ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ተመራማሪዎች የሰውን ድምፅ ለማስመሰል የሦስት ሴኮንድ ቅጂ የሚበቃው መሣሪያ መሥራታቸውን አስታወቁ። ሦስት ሴኮንድ ማለት «እኔ ነኝ፤ ክፈቱልኝ» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነው።

«ይህ የእንግሊዝኛ ጣጣ ነው፤ አማርኛን መኪና አይችለውም» የሚል ሰው ካለ ይታረም። ያው ኩባንያ መቅደስና አምሃ የሚል ስም ያወጣላቸው፣ የተጻፈ አማርኛ የሚያነቡ ሁለት ሰው ሠራሽ ድምፆች አሉት። አነባበባቸው አንዳንድ ጊዜ የሚጠብቀውን እያላላ ጆሮ ይቆረቁራል፤ ነገር ግን ስለ ጥራታቸው እየሳቅን የምንኖርበት ጊዜ ረጅም አይመስለኝም።

አገራችን ፋይዳ የተባለውን የዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ዓ.ም. ስታቋቁም ከተመዝጋቢው የሚወሰደው የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ነው። ድምፅ አልተካተተም። በኔ አስተያየት ይህ መልካም ሆነ። የአንድ እንቁላል መንትዮች እንኳ የጣት አሻራቸው አይገጥምም፤ የአሻራው መሥመር የሚሰመረው በማሕፀን ሳሉ ጣቶቹ በሚያገኛቸው ግፊትና በአስተዳደጋቸው ጥቃቅን ልዩነት ጭምር ስለ ሆነ ነው። የዓይን ብሌን ቅርጽም እንደዚሁ ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ሰው የጣት አሻራውን ለሚያውቀው ሁሉ እየደወለ አያድልም፤ ድምፁን ግን በየቀኑ በስልክ፣ በሠርግ ቪዲዮና በቴሌግራም ይበትነዋል።

ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ልማድ ከፋይዳ ይልቅ ለበሩ መንኳኳት ይቀርባል። አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮሃል። ቁጥሩ አዲስ ነው፤ ድምፁ ግን የአለቃው ነው፤ ሳሉም፣ «ስማ እንጂ» ማለቱም የአለቃው ነው። «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ስልኬ ባትሪው አልቆ በሰው ስልክ ነው የደወልሁት፤ ያቺን ክፍያ አሁኑኑ ጨርስልኝ፤ ደብዳቤውን ሰኞ እፈርማለሁ» ይለዋል። ወጣቱ «አለቃን ማነህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው» ብሎ ያስባል፤ አስተዳደጋችንም ይህንኑ አስተምሮታል። ማድረግ የሚገባው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ስልኩን ዘግቶ፣ ቀድሞ በሚያውቀው ቁጥር መልሶ መደወል ነው። ስልኩ በእውነት ባትሪው አልቆ ከሆነ ክፍያው እስከ ሰኞ ይቆያል። አለቃው ይቆጣ ይሆናል፤ ቁጣውም ቢሆን በደብዳቤ ላይ ግልባጩ ለሠራተኛ አስተዳደር ካልተባለ በቀር ማክሰኞ ላይ ይበርዳል።